የዶክተር ኮንስታንስ ቲፐር የሕይወት ታሪክ

ሰው ታላቅ ተብሎ የሚታወሰው በጦር ሜዳ ድል በመንሣት ወይም በከፍተኛ ወንበር ላይ በመቀመጥ ብቻ አይደለም። ሌላው ሰባራ ነው ብሎ የጣለውን ዕቃ አንሥቶ፣ ለምን እንደ ተሰበረ በትዕግሥት መርምሮ፣ ለብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት መጠበቂያ የሚሆን ዕውቀት ያስገኘ ሰውም ታላቅ ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ታሪካቸውን በአጭሩ ላቀርብላችሁ የመረጥኋቸው እንግሊዛዊቷ የብረታ ብረት ሊቅ ዶክተር ኮንስታንስ ቲፐር እንደዚህ ያሉ ሰው ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ እንዲያስተውሉልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ባሕር በሌላት አገር ተወልጄ ሳለሁ ስለ መርከብ ስብራት ለመጻፍ ለምን እንደ ተነሣሣሁ የሚጠይቀኝ ጓደኛ አይጠፋም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። እኔ የበያጅ ልጅ ነኝ። አባቴ በርና መስኮት፣ የግቢ መዝጊያና የውሃ በርሜል ማስቀመጫ እየበየዱ አሳደጉኝ። በሰፈራችን አንድ የተበየደ ብረት በተሰበረ ቁጥር ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግም፤ ጥፋቱን ሁሉ በበያጁ ላይ ያወርደዋል። በእርግጥ በያጅም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ብረቱ ራሱ ምን ዓይነት ነበር? የተሸከመውስ ጭነት ምን ያህል ነበር? ቅርጹስ ለዚያ ሥራ የሚስማማ ነበርን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዶክተር ቲፐር ይህንኑ ጥያቄ በግቢ መዝጊያ ላይ ሳይሆን በውቅያኖስ ላይ በሚመላለሱ ትልልቅ መርከቦች ላይ ጠየቁ፤ መልሱንም አገኙ። እኔም ታሪካቸውን ባነበብሁ ጊዜ ዝም ብዬ ለራሴ ብቻ ላስቀረው አልወደድሁም።

ኮንስታንስ ፍሊግ ኢላም በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1894 በእንግሊዝ አገር በሎንዶን አጠገብ በምትገኘው በኒው ባርኔት ተወለዱ። በሳውዝዎልድ ከተማ በሴንት ፌሊክስ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በ1912 ወደ ካምብሪጅ ሄደው ኒውናም ወደ ተባለው የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። በዚያም የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ተከታትለው በ1915 ፈተናቸውን ፈጸሙ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን በካምብሪጅ አንዲት ሴት ከወንዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት መስማትና አንድ ዓይነት ፈተና መፈተን ትችል ነበር እንጂ እንደ ወንዶቹ ሙሉ ማዕርግ አይሰጣትም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ይህን መብት የፈቀደው በ1948 ነው። እንግዲህ ሚስ ኢላም ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የደከሙበትን ማዕርግ እንደ ወንዶቹ ተቀብለው አልወጡም። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ በእጃቸው ነበረና ወደ ሥራ ሄዱ።

ጊዜው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር። በ1915 በቴዲንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ በብረታ ብረት ክፍል ሥራ ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት በሎንዶን ወደሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት ተዛውረው የፕሮፌሰር ካርፐንተር ረዳት ሆኑ። እነዚህ ሁለቱ ሰዎች በአሉሚኒየም ላይ ያደረጉት ሥራ ለኋለኛው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ ጥቂት ልግለጸው።

ብረት ለዓይናችን እንደ ውሃ አንድ ወጥ ሆኖ ይታየናል። በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ግን እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ከተቀመጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተሠራ ነው። ብረት ለምን እንደሚታጠፍ፣ ለምንስ እንደሚሰበር ለማወቅ የአንዱን ክሪስታል ጠባይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ችግሩ ክሪስታሎቹ ለብቻቸው ሊያዙ የማይችሉ ትንንሾች መሆናቸው ነበር። ካርፐንተርና ኢላም አሉሚኒየሙን ጥቂት ስበው ከዚያ በሚገባ በማሞቅ ጥቃቅኖቹ ክሪስታሎች ፋንታ አንድ ትልቅ ክሪስታል እንዲያድግ የሚያደርጉበትን ዘዴ አገኙ። ቀጥሎም ሚስ ኢላም ከታላቁ ሊቅ ከጂ. አይ. ቴይለር ጋር ሆነው እንዲህ ያለውን አንድ ክሪስታል እየሳቡ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ ለኩ። ክሪስታሉ ሲሳብ በፈለገው በኩል እንደማይለጠጥ፣ ነገር ግን በተወሰኑ ንጣፎች ላይ በተወሰነ አቅጣጫ፣ የተደራረበ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ እንደሚንሸራተት ሁሉ፣ እንደሚንሸራተት አሳዩ። ይህም ሥራ በ1923 በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ፊት ቤከሪያን በተባለው የክብር ንግግር ቀረበ። በ1926 የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክተርነት ማዕርግ ሰጣቸው።

በ1928 በሕንድ አገር የከርሰ ምድር ጥናት ሲሠሩ የነበሩትን ጂኦሎጂስት ጆርጅ ቲፐርን አገቡ። ከዚህ በኋላ ነው በዓለም የታወቁበትን ስም፣ ቲፐር የሚለውን፣ ያገኙት። በ1929 ወደ ካምብሪጅ ተመልሰው በምህንድስናው ክፍል ላቦራቶሪ ምርምራቸውን ቀጠሉ፤ በ1935ም ስለ ብረት ክሪስታሎች ቅርጽ መለወጥ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በዩኒቨርሲቲው ከፍ ያለ ሹመት ሳይኖራቸው ብዙ ዓመት ሠሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወንዶቹ መምህራን ወደ ጦርነቱ ሥራ ስለ ሄዱ የማስተማሩ ሸክም በይበልጥ በእሳቸው ላይ ወደቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚያ ጦርነት ጊዜ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ለእንግሊዝ ምግብና መሣሪያ የሚያመላልሱትን የጭነት መርከቦች እያሳደዱ ያሰጥሟቸው ነበር። የሚሰጥመውን ለመተካት አሜሪካ ሊበርቲ የሚባሉትን የጭነት መርከቦች በብዛት መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዋ በሴፕቴምበር 27 ቀን 1941 ውሃ ላይ ወረደች፤ እስከ 1945 ድረስም 2,710 ያህል ተሠሩ። እያንዳንዷ 134 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ 10,000 ቶን ያህል ጭነትም ትሸከም ነበር። በመጀመሪያ አንዲቱን ለመሥራት ከሁለት መቶ ቀን በላይ ይፈጅ ነበር፤ በኋላ ግን በአማካይ ወደ 42 ቀን ወረደ። ሮበርት ኢ. ፒሪ የተባለችው መርከብማ ለምሳሌ ያህል በ1942 በአምስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ተገጣጥማ ወደ ውሃ ወረደች።

ይህ ፍጥነት የተገኘው በብየዳ ነው። ከዚያ በፊት የመርከብ ብረት ሠሌዳዎች የሚያያዙት በሪቬት፣ ማለት በጋለ የብረት ችንካር ነበር። ችንካሩ አንድ በአንድ ስለሚመታ ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ ሠራተኛውም ብዙ ዓመት የተለማመደ መሆን ይገባዋል። ብየዳ ግን ይፈጥናል፤ አዲስ ሰውም ቶሎ ይማረዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የመርከብ ሥራ አይተው የማያውቁ ብዙ ሺህ ወንዶችና ሴቶች የብየዳ መሣሪያ ይዘው ወደ ሥራው ገቡ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ይታይ ጀመር። በጃንዋሪ 16 ቀን 1943 በኦሪገን ክፍለ አገር በፖርትላንድ ከተማ ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ የባሕር ፈተናዋን ጨርሳ በመሥሪያ ቦታዋ ታስራ ቆማ ነበር። ማዕበል አልነበረም፤ ጠላትም አልመታትም። ሌሊቱ ግን ብርድ ነበር፤ አየሩ ከዜሮ በታች ወደ 3 ዲግሪ ወርዶ ነበር። በድንገት አንድ ማይል ርቀት ድረስ የተሰማ ድምፅ ተሰማና የመርከቢቱ ወለልና ሁለቱ ጐኖቿ ከመካከል ተሰንጥቀው ለሁለት ተከፈለች። የያዛት የታችኛው ሠሌዳ ብቻ ነበር። ስኬኔክታዲ የነዳጅ መርከብ እንጂ ሊበርቲ አልነበረችም፤ ነገር ግን እንደነሱ በብየዳ የተሠራች ነበረች። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ጆን ፒ. ጌንስ የተባለችው ሊበርቲ መርከብ በባሕር ላይ ለሁለት ተሰብራ አሥር ሰዎች ሞቱ። በጦርነቱ ጊዜ በእነዚህ መርከቦች ላይ ወደ 1,500 የሚደርሱ ከባድ ስንጥቆች ታይተዋል፤ ከሊበርቲዎቹ ሦስቱ፣ በጠቅላላው ደግሞ አሥራ ሁለት መርከቦች ያለ ማስጠንቀቂያ ለሁለት ተሰብረዋል።

ጥፋቱ የማን ነው? በመጀመሪያ ጣት የተቀሰረው በብየዳውና በበያጆቹ ላይ ነው። ሥራው በጥድፊያ ተሠርቷል፤ ሠራተኞቹም ያልተማሩ ናቸው ተባለ። የስኬኔክታዲን አደጋ የመረመሩትም ሰዎች በመጀመሪያ የወቀሱት ብየዳውን ነበር። ይህ ፍርድ በቀላሉ የሚታመን ፍርድ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ትክክል ካልሆነ ምን እንደሚከተል እናስብ። በያጁ ተወቅሶ፣ ሌላ በያጅ ተተክቶ፣ ያው ብረት በዚያው ቅርጽ እንደ ገና ወደ ቀዝቃዛው ባሕር ይላካል፤ ሌሎች መርከበኞችም ይሞታሉ። እንግዲህ እውነተኛውን ምክንያት ማግኘት የአንድን ሠራተኛ ስም ከማጥራት የበለጠ የሰውን ነፍስ የማዳን ጉዳይ ነበር።

በ1943 በፕሮፌሰር ጆን ቤከር የሚመራው የካምብሪጅ የምህንድስና ክፍል ይህን ነገር እንዲመረምር በተጠየቀ ጊዜ ስለ ብረቱ ጠባይ የሚያውቁት ሰው ዶክተር ቲፐር ነበሩ። እሳቸውም ከተሰበሩት መርከቦች የተቆረጡ ሠሌዳዎችን ተቀብለው መመርመር ጀመሩ። የተሰበረ ብረት ለሚያውቀው ሰው ምስክር ነው። ደኅና ብረት ከአቅሙ በላይ ሲሳብ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ በኋላ ይበጠሳል፤ የተበጠሰበትም ገጽ ደብዛዛና ሻካራ ነው። ከመርከቦቹ የመጡት ሠሌዳዎች ግን ሳይለጠጡና ሳይቀጥኑ እንደ ሸክላ ድንገት የተሰበሩ ነበሩ፤ የስብራቱም ገጽ የሚያብለጨልጭ ነበር። ይኸው ብረት ግን በሞቀ ክፍል ውስጥ ተስቦ ሲፈተን ደኅና ሆኖ ይለጠጣል። ታዲያ በላቦራቶሪ ደኅና የነበረው ብረት በባሕር ላይ ለምን እንደ ሸክላ ተሰበረ?

ዶክተር ቲፐር የብረቱን ቁራጭ ጠርዝና ጠርዙን በመጋዝ ጫር አድርገው በልዩ ልዩ የሙቀት መጠን እየሳቡ ፈተኑት። ያገኙትም መልስ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ የዚህ ዓይነት ብረት የራሱ የሆነ የሙቀት ወሰን አለው። ከዚያ ወሰን በላይ ሲሆን ይለጠጣል፤ ከዚያ ወሰን በታች ሲወርድና ጭረት ሲያገኝ ግን ተሰባሪ ይሆናል። እኛም ይህን በሰም ላይ ልናየው እንችላለን። ሰም በፀሐይ ሲሞቅ ይታጠፋል፤ በውርጭ ሌሊት አድሮ ጧት ሊያጥፉት ቢሞክሩ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሰሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ለመርከቦቹ የተሠራበት ብረት የሙቀት ወሰኑ ከፍ ያለ ስለ ነበር የሰሜን አትላንቲክ የክረምት ውሃ ከወሰኑ በታች ያወርደው ነበር።

ብርድ ብቻውን ግን መርከብ አይሰብርም። ስንጥቁ የሚጀምርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲ ለመቅደድ ሲፈልግ መጀመሪያ ጠርዙን በመቀስ ጥቂት ይነካዋል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት እጁ ቢስበው በቀላሉ ይቀደድለታል። በሊበርቲ መርከቦች ወለል ላይ ጭነት የሚወርድባቸው አፎች ማዕዘናቸው አራት ማዕዘንና ሹል ነበር። ማዕበል መርከቢቱን ሲያጐብጣት ኀይሉ ሁሉ በዚያ ሹል ማዕዘን ላይ ይከማቻል፤ እዚያው ላይ የብየዳ መጋጠሚያ ካለና በብየዳውም ውስጥ ጉድለት ከተገኘ መቀሱ ጠርዙን ነካው ማለት ነው።

ብየዳ በዚህ ነገር ውስጥ ያለው ድርሻ ብዙ ሰው እንዳሰበው አልነበረም። በችንካር በተያያዘ መርከብ ላይ አንድ ሠሌዳ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ ሠሌዳው ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፤ የሚቀጥለው ሠሌዳ ሌላ አካል ነውና። በብየዳ የተያያዘ መርከብ ግን እንደ አንድ ወጥ ጨርቅ ስለ ሆነ ስንጥቁ የሚያስቆመው ሳያገኝ ከጐን ወደ ጐን ይሮጣል። እንግዲህ የቲፐር ምርምር የብየዳን ጉድለት በጠቅላላው አልካደም፤ መጥፎ ብየዳ ለስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል። ያሳየው ነገር ግን ዋናው ድካም በብረቱ ውስጥ መኖሩን፣ በያጅ ሁሉ ጐበዝ ቢሆን ኖሮ እንኳ አደጋው እንደማይቀር ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ መድኀኒቱ አይርቅም። በወለሉ ላይ ያሉት ሹል ማዕዘኖች ክብ እንዲሆኑ ተደረገ። በወለሉና በጐኑ ላይ በችንካር የተያያዙ የብረት ማሰሪያዎች ገብተው ስንጥቅ ሲሮጥ እንዲቆም ሆነ። ከጦርነቱም በኋላ የመርከብ ብረት ሲቀልጥ ካርቦኑ እንዲቀንስ፣ ማንጋኒዙ እንዲጨምር፣ ክሪስታሎቹም ደቃቅ እንዲሆኑ መደረጉ የሙቀት ወሰኑን ዝቅ አደረገው። ዛሬ መርከብ የሚሠራ ሰው ብረት ሲገዛ በምን ያህል ብርድ እንደ ተፈተነ ሳይጠይቅ አይገዛም። ይህም ለመርከብ ብቻ ሳይሆን ለድልድይ፣ ለነዳጅ ማጠራቀሚያና ለጋዝ ቧንቧ ሁሉ ደንብ ሆነ። ጠርዙ በተጫረ ቁራጭ የሚደረገውም ፈተና በስማቸው የቲፐር ፈተና ተባለ።

በ1947 ባለቤታቸው ሞቱባቸው። በ1949 ዩኒቨርሲቲው ሪደር የሚባለውን ከፕሮፌሰርነት ቀጥሎ ያለውን ከፍተኛ ማዕርግ ሰጣቸው፤ በምህንድስናው ክፍል ሙሉ ጊዜ የምታስተምር ሴት በዚያን ጊዜ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ማዕርግ መስጠት ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ብቻ መሆኑን ያስታውሷል። ቻርልስ ኦትሌይና ተማሪዎቹ በዚያው ክፍል አዲስ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሠሩ ጊዜም የተሰበረ ብረትን ገጽ በዚህ መሣሪያ ከመረመሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ዶክተር ቲፐር ነበሩ። በ1960 በጡረታ ቢወጡም ሥራቸውን አልተዉም፤ በ1962 ስለ ብረት ድንገተኛ ስብራት የሚናገረውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ባሮው በተባለው ከተማ ሰርጓጅ መርከብ ለሚሠሩትም ምክር ይሰጡ ነበር። መቶ ዓመት በሞላቸው ጊዜ በ1994 ኒውናም ኮሌጅ በግቢው ውስጥ ዛፍ ተከለላቸው። በዲሴምበር 14 ቀን 1995 በተወለዱ በ101 ዓመታቸው በሰሜን እንግሊዝ በፔንሪዝ አረፉ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኔ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፣ ክብር ቢዘገይም ሥራን አለማዘግየት ነው። ዶክተር ቲፐር የዩኒቨርሲቲው በር እስኪከፈትላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በሩ በተከፈተ ጊዜ ሥራቸው ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ለእኅቶቻችን ደግሞ ይህ በተለይ የሚነገር ነው፤ ብረት የወንድ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ራሱ በዚህች ሴት እጅ ተሰብሯልና።

ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ስለ ፍርድ ያለው ትምህርት ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ከሁሉ በፊት ሰው መውቀስ ለሁላችንም ይቀናናል፤ የሚወቀሰውም ብዙ ጊዜ መልስ ለመስጠት አቅም የሌለው ሠራተኛ ነው። ከወቀሳ በኋላ ልባችን ያርፋል፤ ነገር ግን ችግሩ በቦታው እንዳለ ይቀራል። የቲፐር መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የተሰበረውን ነገር አንሡ፤ ገጹን እዩ፤ በሞቀበትና በበረደበት ጊዜ ፈትኑት፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የበያጁም ቢሆን የብረቱም ቢሆን ሳትፈሩ ተናገሩ። በመጪው ዓመት ከመካከላችን አንዳንዱ ወደ ምህንድስና፣ አንዳንዱ ወደ ሕክምና፣ አንዳንዱም ወደ ሕግ ትምህርት ይሄዳል። ለሦስቱም ሥራ የሚያስፈልገው ልማድ ይህ አንድ ልማድ ስለ ሆነ ከትምህርት ቤታችን ስንወጣ ይዘነው እንውጣ እላለሁ።